የአዴ በሻቱ ቋጠሮ በፍተሻ ማሽን ላይ

ነገሩ የተጀመረው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። የመዝገብ ክፍላችን የግድግዳ ሰዓት ሁልጊዜ ሃያ ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ቀና ብዬ ሦስት ሰዓት ይላል፣ ስለዚህ ሦስት ከሃያ ነው ብዬ ሳሰላ ኃላፊያችን በሩን ገፋ አድርጎ «ሜቲ፣ እስቲ አንዴ ወደ ቢሮዬ ነይ፤ ወረቀት አትያዢ» አለኝ። ወረቀት ሳልይዝ ተጠርቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ነቀምቴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል እሠራለሁ። አባቴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እናቴ የዚሁ አካባቢ፣ የጉቶ ጊዳ ወረዳ ልጅ ናት። ቤታችን ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ትንፋሽ ይነገራሉ። እኔ ግን ሁለቱንም ቋንቋ አውቄ በሁለቱም ዝም የምል ሰው ነኝ። እዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት እጄን አውጥቼ የጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱንም አስቀድሜ ደብተሬ ላይ ጽፌ አንብቤአቸዋለሁ። ሰው ጥንቁቅ ናት ይለኛል። እኔም ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።

ኃላፊዬ ቢሮ ውስጥ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አጭር ሴት ተቀምጣለች። ወይዘሮ ሰብለ ናት፤ ከአዲስ አበባ የመጣች የአውሮፕላን ማረፊያ ደኅንነት መርማሪ። የመጣችው በአካባቢያችን ያለውን ማረፊያ ፍተሻ ልትፈትን ነው። (የማረፊያውን ስም አልጽፍም፤ የሰዎቹንም ስም ቀይሬአለሁ።) የማይተኩስ፣ ለሙከራ ብቻ የተሠራ የሽጉጥ ቅርጽ አላት። ያንን ሻንጣው ውስጥ ይዞ እንደ ተራ መንገደኛ የሚሰለፍ ሰው ትፈልጋለች። ፈታሾቹ ካገኙት አለፉ፤ ካላገኙት ወደቁ። ከአዲስ አበባ ይዛ የምትመጣቸውን ሰዎች ግን ገና ከመኪና ሲወርዱ ሠራተኞቹ ይለዩአቸዋል።

«የአገሩ ሰው ነው የምፈልገው» አለች። «ማንም የማይጠረጥረው።»

ኃላፊዬ በእጁ ወደ እኔ እያመለከተ ይህች ልጅ በወር አንዴ ነው የምትናገረው፣ ያንንም ደመወዝ ስትፈርም ነው አለ። ሁለቱም ሳቁ። እኔም ጫማዬን እያየሁ ፈገግ አልኩ።

ከዚያ ወይዘሮ ሰብለ መነጽሯን አደረገችና «ማረፊያው ውስጥ ከሚሠሩት የምታውቂው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ የሁሉም ነገር ሥር ያለው እዚህ ነውና።

አንድ ሰው አውቃለሁ። ኦብሳ ይባላል። በአንድ አጥር ተዋስነን ነው ያደግነው። ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ እሱ ኪቦርድ ይጫወታል፣ እኔ ከኋላ ረድፍ ላይ ቆሜ ከሌሎቹ ድምፅ ሥር ተደብቄ እዘምራለሁ። ሥልጠና ወስዶ ማረፊያው ላይ የፍተሻ ማሽን ተመልካች ሆኖ ከተቀጠረ ሁለት ዓመት አለፈው፤ በሥራው ምክንያት እሑድ እሑድ መምጣት ቀነሰ። የግቢያቸው የቆርቆሮ በር ሁለት ጊዜ ነው የሚዘጋው። አንዴ ይገፈትረዋል፣ አልያዝ ሲል ደግሞ ቀስ አድርጎ ይጫነዋል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ያንን ሁለተኛውን ድምፅ ስሰማ ወጥቼ ደጃችንን እጠርጋለሁ። «አካም ቡልቴ፣ ሜቲ» ይለኛል፣ እንዴት አደርሽ እንደማለት። «ነጋ» እላለሁ፣ ደህና። እንዲህ ሆነን ስምንት ዓመት። እናቴ፣ ደጁ ሳይቆሽሽ ነው የምትጠርጊው ትለኛለች።

እና መልሱ «አዎ፣ አንድ ሰው አውቃለሁ» ነበር። ነገር ግን ቀጥላ ስሙን እንደምትጠይቀኝ ገባኝ። እኔ ደግሞ ያንን ስም በሰው ፊት ጠርቼ ፊቴን ማዘዝ አልችልም። ደግሞስ እናቱ አዴ በሻቱ፣ እትዬ በሻቱ እንደማለት፣ ልጇ ኑኑ ቁምባ ወረዳ አጎቱ ልቅሶ ላይ እንደሆነና እስከ ዓርብ እንደማይመለስ ለእናቴ ነግራታለች። ስለዚህ የለም ማለት ይቻላል ብዬ ራሴን አሳመንኩና «አላውቅም» አልኩ።

ወይዘሮ ሰብለ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

የሚቀጥለው ቀን በረራ ላይ ትኬት ተቆረጠልኝ። ለቤተሰቤ ለሁለት ቀን ሥልጠና አዲስ አበባ እሄዳለሁ እንድል ታዘዝኩ። በእኛ ሰፈር ደግሞ አንድ ሰው መንገድ ሊሄድ ነው ከተባለ ወሬው ከሰውየው ቀድሞ ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ እናቴ አልጋዬ ላይ የጎረቤት አደራ ደርድራ ጠበቀችኝ፤ ለአንዱ ወንድም ማር፣ ለአንዷ አክስት መድኃኒት። አደራ አልቀበልም ማለት እኛ ዘንድ ሰላምታ እንደ መንሳት ነው። ወዲያው አዴ በሻቱ እራሷ በአረንጓዴ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር አቅፋ ገባች። ጩኮ ነው፤ የተቆላ ገብስ በቅቤ የታሸ፣ በቆርቆሮ ጣሳ። አዲስ አበባ ያለችው ልጇ ኬና ወልዳ አራስ ቤት ናት።

«ሜቲ ኮ» አለችኝ፣ የኔ ሜቲ ማለቷ ነው፣ «ይህን የምትፈታው ኬና ብቻ ናት። የእኔን ቋጠሮ ታውቀዋለች።»

ቋጠሮው የራሷ ነው። ሻሹን ሁለት ጊዜ አጥፋ ታስርና ጫፎቹን ወደ ውስጥ ትሰውራቸዋለች። የፈታው ሰው መልሶ እንደዚያ ማሰር ስለማይችል፣ መንገድ ላይ ተነክቶ እንደሆነ ተቀባይ በዓይኑ ይለያል። በዚህ አገር እናት የቋጠረችውን ከባለቤቱ በቀር የሚፈታ ሰው አላየሁም።

ረቡዕ ጠዋት ወይዘሮ ሰብለ ባረፈችበት ሆቴል የሙከራውን ዕቃ አስረከበችኝ። ከጠበቅኩት በላይ ከበደኝ፤ ቀዘቀዘኝም። ቦታውን አንቺ ምረጪ አለች። እንግዳ ሰው የት እንደሚደብቅ ፈታሾቹ ያውቃሉ፤ እሷ ማወቅ የምትፈልገው የአገሩ ልጅ የት እንደሚደብቅ ነው። ሰው ሐሳቤን ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነበርና ደስ አለኝ፤ ይህን አልደብቃችሁም። ሻንጣዬን ከፍቼ ቋጠሮውን ሳልፈታ፣ ዕቃውን በሻሹና በጣሳው መካከል አሾለክሁት። ከውጭ ምንም አይታይም።

«ለምን እዚያ?» አለች።

«እዚህ አገር የእናት ቋጠሮ አይፈታም» አልኳት። በደንብ የተናገርኩ መሰለኝ።

ደብዳቤ በፖስታ አሽጋ ሰጠችኝና ደንቡን ነገረችኝ። ከተያዝኩ ለማንም አላብራራም፤ ፖስታውን የማሳየው የፈረቃ ኃላፊው ራሱ ሲመጣ ብቻ ነው። እሷ ከሩቅ ከመንገደኞች ጋር ተቀምጣ ትከታተላለች።

ማረፊያው በር ላይ የጥበቃ ሠራተኛዋ እያንዳንዱን መንገደኛ ሰው ይዘህልኝ ሂድ ብሎ የሰጠህ ነገር አለ ወይ እያለች ትጠይቃለች። ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ በአንድ እጃቸው የማር ማሰሮ፣ በሌላው የቡና ከረጢት ይዘው «የለም» አሉ። ከእሳቸው በኋላ ያለችውም ሦስት ፌስታል ይዛ «የለም» አለች። ማንም እየዋሸ አልነበረም። አደራ አንዴ ከተቀበልከው የራስህ ነው፤ የሰው ዕቃ አይደለም። እኔም «የለም» አልኩ፤ ሴትየዋም ፊቴን እንኳ ሳታይ አሳለፈችኝ።

ሻንጣዬን ወደ ማሽኑ በሚጎትተው ጎማ ላይ አስቀምጬ ቀና ስል ከማሽኑ ኋላ የተቀመጠው ኦብሳ ነበር።

ፊቱ በልቅሶና በመንገድ የደከመ ነው። በኋላ እንደሰማሁት የሥራ ባልደረባው ስለታመመ ማክሰኞ ማታ ጠርተውት ከኑኑ ቁምባ በቀጥታ ነው የገባው፤ እናቱ እንኳ መመለሱን አላወቀችም። ሲያየኝ ግን ፊቱ በራ።

«ሜቲ፣ አንቺ ነሽ? ወዴት ነው?»

«አዲስ አበባ» አልኩ።

«ደጁን ማን ሊጠርግ?» አለ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ከጎኑ የቆመችው ልጅ ሳቀች፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። በዚያች ቅጽበት ከተጠየቅኩት ሥራ ሁሉ የሚበልጥብኝ እውነተኛ መንገደኛ ሆኜ መገኘት ነበር። እሱ ደህና ግቢ ሊለኝ፣ እኔም ስመለስ የምነግረው ነገር ሊኖረኝ።

ሻንጣዬ ወደ ማሽኑ ገባ። ጎማው ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እንደገና ገባ፤ እንደገና ቆመ። ስክሪኑን ሲያይ ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ። እንዳላየ ሆኖ ቢያሳልፈው ምን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ይወድቃል፤ ከሥራም ይባረራል። ቢያገኘውስ? እኔን የሽጉጥ አዘዋዋሪ ያደርገኛል። ሁለቱንም አልፈለግኩም። ደንቡን ግን ተቀብዬአለሁ።

ተነሥቶ ዞሮ መጣና ሻንጣዬን ወደ ጎን ጠረጴዛ ወሰደው። ከፈተው። አረንጓዴውን ሻሽ ሲያይ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ይህ የእናቴ አይደለም?» አለ።

«ነው። ለኬና።»

ቋጠሮውን አየው። እኔን አየኝ። ከዚያም ልጅ ሆኖ እንኳ የማይደፍረውን አደረገ፤ በጣቶቹ ጫፎቹን ፈልጎ አወጣቸውና ፈታው። ሻሹ ሲላላ ጥቁሩ ብረት ጣሳው ላይ ተደግፎ ታየ።

መዳፉን ጣለበት። ከኋላው ያሉት ሌላ መንገደኛ እየፈተሹ ነው፤ እስካሁን ያየው እሱ ብቻ ነው። ወደ እኔ ጎንበስ አለና ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ያህል በኦሮምኛ ተናገረ።

«ሂን ቤኩ ጄዲ። አላውቅም በይ። አዴ በሻቱ ናት የሰጠችኝ፣ ውስጡን አላየሁም በይ። የቀረውን ለእኔ ተይው።»

ቃሉን ወዲያው አልተረዳሁትም። ከዚያ ገባኝ። የገዛ እናቱን ስም ነው የሚያቀብለኝ። እሷን አስጠርቶ፣ እሱም አብሮ ተጠርቶ፣ እኔ እንድወጣ። ስምንት ዓመት «ነጋ» ስለው ለኖርኩት ለእኔ።

«እኔ ነኝ ያስገባሁት» አልኩ። «አዴ በሻቱ አታውቅም።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀጥ አድርጌ የተናገርኩበት ሌላ ጊዜ የለም። ዓይኔን እያየ ቆየ፤ የሆነ ነገር እንድጨምርለት የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ፖስታው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ማውጣት አልችልም። ከዚያ መዳፉን አነሣ፣ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ጥበቃውን ጠራ።

አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ፤ ኃላፊው እስኪመጣ አሥር ደቂቃ ሊሆን ይችላል። በሩ ገርበብ ብሏል። ኦብሳ ኮሪደሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። አንዴም አልዞረም። በየቀኑ ጠዋት ከኋላው እያየሁ የምሸኘው ያው ጀርባ ነው፤ ትከሻው ግን ወርዷል። ከመያዜም ከፍርሃቴም ይልቅ እሱ ስለ እኔ የሚያስበውን ማሰብ ከበደኝ።

ኃላፊው ሲገባ ፖስታውን ሰጠሁት። አነበበ፤ እንደገና አነበበ፤ ከዚያ ትልቅ ትንፋሽ አውጥቶ ሳቀ። ወይዘሮ ሰብለም መጣች። ሠራተኞቹ ተሰበሰቡ፤ የኦብሳን ጀርባ መታ መታ አደረጉት፤ አንዷ ልጅ አጨበጨበች። ከእናቱ ቋጠሮ ውስጥ አወጣው እያሉ ይተራረቡ ጀመር፤ አንዱ ዛሬ ጩኮም እራትም የለህም አለው። ኦብሳ ግን አልሳቀም። ሻሹን በእጁ ይዞ ሊያስረው ይሞክራል። አልሆነለትም። ዝም ብሎ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ጣቶቻችን ሳይነካኩ።

ወደ ከተማ ስንመለስ ወይዘሮ ሰብለ መኪና ውስጥ በውጤቱ መደሰቷን ነገረችኝ። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው ጥቂት ነው፣ ለሽልማት እጽፍለታለሁ አለች። ከዚያ መነጽሯን አወረደችና «ዕቃውን ሸፍኖ የሆነ ነገር ሲልሽ ከሩቅ አይቻለሁ። ምን አለሽ?» አለች።

በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ።

«አሁን አትንገሪኝ» አለች። «የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ቃል በቃል ጽፈሽ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አምጪልኝ። አንድ ነገር ግን ያዢ፣ ልጄ። ሙከራ የምናደርገው መጥፎ ሰው ለመያዝ አይደለም። ቀዳዳው የት እንዳለ ለማወቅ ነው። ዛሬ ቀዳዳው ላይ የቆምሽው አንቺ ነሽ። ነገ የሚያልፈው አንቺ አትሆኚም።»

ለእናቴ ጉዞው ቀርቷል አልኳት። ማሩን ለባለቤቱ መለሰች፤ መድኃኒቱን ለአውቶቡስ ሰው ሰጠችው። ቋጠሮውን ግን ለማንም አላሳየሁም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የመዘምራን ክፍል ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው። ኪቦርዱ በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ቆሟል። የእኔ ቦታ ከሆነው ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሁለት ወረቀት ጻፍኩ።

በአንደኛው ላይ «ይህ የእናቴ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ነው አልኩት፤ ፈትቶ አገኘው» ይላል። ውሸት የለበትም። የጎደለው አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እነዚያን አራት ዓረፍተ ነገሮች ለማንም ሳላካፍል ለራሴ ማስቀመጥ እንዴት እንደፈለግኩ ልነግራችሁ አልችልም። እንዲያ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ኋላም አልመጣም። ለመንግሥት ወረቀት ብሰጣቸው የእኔ መሆናቸው የሚቀር መሰለኝ።

ሁለተኛው ወረቀት ላይ ሁሉም አለ።

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። የወይዘሮ ሰብለ ቀዳዳ የት እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው። ማሽኑ አልተሳሳተም። የኦብሳ ዓይንም አልተሳሳተም። ቀዳዳው እኔ ነበርኩ። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት አገር ውስጥ፣ የሚታወቅ ፊት ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ቀዳዳ ነው። በዚያ ሳይበቃ ማክሰኞ ዕለት አፌን ከፍቼ አንድ ስም ብጠራ ኖሮ ወይዘሮ ሰብለ ሌላ ሰው ትልክ ነበር፤ ኦብሳም ያንን ቃል የሚናገርበት ምክንያት አይኖረውም ነበር። ጥንቃቄ ስለው የኖርኩት ፍርሃት ሆኖ ተገኘ። እሱ ስለ እኔ እናቱን እስከማቅረብ ሲደርስ እኔ ስለ እሱ ስሙን እንኳ አላቀረብኩም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን አሁን ብነግራችሁ ይሻላል፤ መጨረሻዬ ላይ ሌላ ነገር ማስቀመጥ እፈልጋለሁና። ኦብሳ አልተባረረም። ዕቃውን ማግኘቱ ታሰበለት። ከማሽኑ ግን ተነሣ፤ ጥቂት ወራት ሻንጣ ሲመዝን ቆይቶ ማንንም ወደማያውቅበት ሩቅ አገር ማረፊያ ተዛወረ። እዚህ ደግሞ አዲስ ሥርዓት ወጣ። ፈታሽ የሚያውቀው ሰው ከመጣ እጁን አንሥቶ ከወንበሩ ይነሣል፣ ባልደረባው ይተካዋል። ቀላል ነገር ነው። መንገደኞቹ መጀመሪያ ተቀየሙ፤ ያሳደግነው ልጅ ሲያየን ይነሣል አሉ። አሁን ለምደውታል።

እኔም ተለውጫለሁ፣ ብዙ ባይሆንም። ስብሰባ ላይ እናገራለሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ግን እናገራለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ የማውቀውን አውቃለሁ እላለሁ። የቀረው ግን እንዳለ አለ። የአዴ በሻቱ ቆርቆሮ በር አሁን አንዴ ብቻ ነው የሚዘጋው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጇ ይደውልላታል፤ ስልክ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስለምታወራ ከአጥሩ ወዲህ ይሰማኛል። ስለ ላሟ፣ ስለ ኬና ልጅ፣ ስለ ዝናቡ ታወራለች። መጨረሻ ላይ ሳትዘነጋ «ሜቲም ደህና ናት» ትላለች። እንዲህ የሚባለው ለተጠየቀ ነገር ነው። አይደለም እንዴ?

እናንተም ስሙን የማትጠሩት ሰው ካላችሁ፣ ቢያንስ የሚመለከተው ሰው ሲጠይቃችሁ ጥሩት። እኔ ዘግይቼ ነው የጠራሁት፤ ኦብሳ የሚለውም እውነተኛ ስሙ እንዳልሆነ ነግሬአችኋለሁ። እዚህ ላይ ገና አልደፈርኩም።

ሐሙስ ጠዋት ያደረግኩትን ልንገራችሁና ላብቃ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጥረጊያ አልያዝኩም። ቋጠሮውንና ሁለተኛውን ወረቀት ይዤ የአዴ በሻቱን በር አንኳኳሁ። ሻሹን ገና ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ማን ፈታው?»

«ልጅሽ» አልኳት፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፣ ስሟን አሳልፎ ሊሰጥ እንደነበርም ጭምር። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ሻሹን ጭኗ ላይ ዘረጋችና «መፍታቱን አውቆበታል። ማሰሩን ግን አላስተማርኩትም» አለች። ከዚያ እጄን ይዛ ጣቶቼን እየመራች እንዴት እንደሚታሰር አሳየችኝ፤ ሁለት ጊዜ አስፈታችኝ፣ ሁለት ጊዜ አሳሰረችኝ።

ኦብሳ የሥራ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው። የመጀመሪያው መስመር «ማረፊያው ውስጥ የማውቀው ሰው አለ። ስሙ ኦብሳ ነው። ማክሰኞ ዕለት አላውቅም ያልኩት ውሸት ነው» ይላል።

«ለወይዘሮ ሰብለ ልሰጣት ነው» አልኩት። «ሳታውቀው ግን አልሰጥም።»

«አትስጪ አልልሽም» አለ። ወረቀቱን በጥንቃቄ እንደነበረ አጠፈው። «ግን የጎደለ ነገር አለው።»

«ምን ጎደለው?»

«ለምን እንዳልኩሽ አልጻፍሽም።»

«አልነገርከኝማ» አልኩ።

የሠራተኞች መኪና ከመንገዱ ማዶ ጥሩንባ ነፋ። ወደዚያ አየ፣ ወደ እናቱ አየ፣ ወደ እኔ አየ። «ስመለስ እነግርሻለሁ» አለ። በሩን ገፈተረው፤ አልያዘም፤ ቀስ አድርጎ ተጫነው። ያን ዕለት ማታ ሲመለስ እኔ አፍሬ ከቤት አልወጣሁም። በማግስቱም እንዲሁ። ከዚያ እሱም ዝም አለ፤ ከዚያም ሄደ።

ሁለት ሰዓት ላይ ሆቴሉ ደረስኩ። ወይዘሮ ሰብለ ሻንጣዋን ዘግታ ተቀምጣለች። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበች፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ተመልሳ ብዙ ቆየች። እንደምትቆጣኝ ጠብቄ ነበር። መነጽሯን አወረደችና ያቀፍኩትን አረንጓዴ ቋጠሮ አየች።

«ይህ አሁንም አልሄደም?»

ለኬና እንዲደርስ አውቶቡስ ተራ ወስጄ ለሰው ልሰጠው እንደሆነ ነገርኳት። እጇን ዘረጋች። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፈታችው፤ ጣሳውን ከፍታ በማንኪያ እስከ ታች ድረስ አየችው፤ ሻሹን አራግፋ አየችው። ከዚያ «የልጅቷን ስልክ ጻፊልኝ» አለች። «በሩ ላይ ሲጠይቁኝ፣ አዎ፣ ሰው የሰጠኝ ዕቃ አለ እላለሁ።»

መልሳ ልታስረው ሞከረች፤ አልሆነላትም። ተቀበልኳትና ሻሹን ሁለት ጊዜ አጥፌ፣ ጫፎቹን ወደ ውስጥ ሰውሬ አሰርኩላት።